ከለንደን የመጣው ካሴት

ጂንካ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለደምሰው፤

ይህ ደብዳቤዬ በሙሉ ጤና ያግኝህ። እኛ በጌታ ቸርነት ሁላችንም ደህና ነን። መንደራችን ገዘር ዘንድሮ ገብሱ አምሮበታል።

ደብዳቤህና ካሴቱ ደርሰውን አባባና እማዬ ጂንካ ድረስ ወረዱ። ደብዳቤውን በአሪኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ሰውነትህ የተተከለልህን ሳንባ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይዋጋው ዕድሜ ልክህን መድኃኒት እንደምትወስድ ሲሰሙ አባባ፣ "የሰው ሳንባ አይደል? እስኪላመዱ መታገላቸው የት ይቀራል" አሉ። ሰውነትህ ሳንባውን መዋጋት ከጀመረ የአየር ቧንቧው አብጦ ያስላል፣ ትንፋሽም ያሳጥራል ያልከውን መስመር ግን ዘለልኩት።

ከዚያ ካሴቱን ከፈትነው። መዝሙሩን ጀምረህ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ሳልክና አቆምክ። ቀሪውን እማዬ እዚያው ተቀምጣ ጨረሰችልህ።

"ምነው ተወው?" አለችኝ።

"የለንደን ብርድ ነው፤ ጉንፋን ይዞት ይሆናል" አልኳት።

አባባ ግን "እስቲ መልሺው" አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ሰሙት።

የሐኪም ቀጠሮህ ታኅሣሥ ላይ ነው ብለሃል። ቀኑን ሳትጠብቅ ብትሄድ ምን ይመስልሃል? ለጉንፋኑ ማለቴ ነው።

ቤተሰቡ ሁሉ በየስማቸው ሰላም ብለውሃል። የሰላም አምላክ ካንተ አይለይ።

እህትህ አረጋሽ