ወሬኛውን ለማን ልተወው?

ውድ ባለቤቴ፣

እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለውም፣ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ በወሬው ልጀምር፤ አንቺም ብትሆኚ ከሰላምታ ይልቅ ወሬ ነበር የምትወጂው። ቤታችንን ለማላውቀው ሰው ትቼ ሄጄ ነበር። አትደንግጪ፣ ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

አርባ ዓመት የሰው ቁልፍ ስቀርጽ ኖሬ ለቤታችን ሦስተኛ ቁልፍ ቀርጬ እንደማላውቅ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የኔ፣ አለቀ። ልጃችን እንኳ አግብታ እስክትሄድ ድረስ በራችንን ስታንኳኳ ነው የኖረችው፤ «የቁልፍ ቀራጭ ልጅ ቁልፍ የላትም» እያለች ጓደኞቿን ታስቅብን ነበር። ምን ላድርግ? እዚያ ከቤታችን ጋር በተያያዘው ሱቄ ተቀምጬ ስንቱን አየሁ። ባል የሚስቱን መሳቢያ ቁልፍ ሳሙና ላይ አትሞ ሲያመጣልኝ፣ ወንድም የወንድሙን ሱቅ ቁልፍ «የራሴ ነው» ብሎ ሲምልልኝ። ሰው ያለማመን ከብረቱ ብናኝ ጋር አብሮ ሳንባዬ ገባ።

ዓይኔ ባይከዳኝ ኖሮ አሁንም ለማንም ቁልፍ አልሰጥም ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መጀመሪያ የቁልፉ ጥርስ ደበዘዘብኝ፣ ቀጥሎ ቁልፉ ራሱ። አንድ ደንበኛ ለአንድ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተመላለሰና በሦስተኛው «አባት፣ እርስዎ የሰጡኝ እኮ ቁልፍ ሳይሆን መጋዝ ነው» አለኝ። ስቄ ሸኘሁት፣ ከሄደ በኋላ ግን አለቀስኩ። በትንሽ ትልቁ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» እያልኩ ስምል «ተው አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ይሰማሃል» ትይኝ ነበር። ይኸው ሰማኝ።

ሐኪሙ ያለው ልጃችን የምትኖርበት ከተማ ነው። የሁለቱንም ዓይኖቼን ሞራ በተራ ገፎ እስኪጨርስ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ቀጠሮው ካለፈኝ ደግሞ ነገሩ ከእጁ እንደሚወጣ ነገረኝ። እሺ አልኩ። ጭንቁ ወሬኛው በቀቀንሽ ነበር። ልጃችን ጋ ይዤው እንዳልሄድ የልጅ ልጃችን አስም አለበት፤ የላባ ብናኝ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ጎረቤት እንዳላስጠጋው የጎረቤታችንን ድመት ታውቂያታለሽ።

ጡረታ ስትወጪ የሆቴሉ ባልደረቦችሽ «ዝምታው እንዳይከብድሽ» ብለው ይህን ግራጫ በቀቀን ሲሰጡሽ እኔ ነበርኩ ያኮረፍኩት። ቤት ውስጥ አንድ ወሬኛ መች አነሰን ብዬ ስሙንም ያወጣሁለት እኔው ነኝ። አሁን ግን ሠላሳ ዓመት የሆቴሉን ስልክ ያነሳሽበት ድምፅሽ ያለው እሱ ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነው። ፎቶሽ አለኝ፣ ቀሚስሽ አለ፤ ድምፅሽን ግን የትም አላስቀመጥኩም። ስልክ ሲጮኽ «አቤት፣ ማን ልበል?» ይላል፣ ከነትሕትናሽ። ልወጣ ስነሳ «በሩን ዘጋህ?» ይላል። ከሰዓት በኋላ የሚለው ሌላ ነገርም አለ፤ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

በቀቀን አዲስ ሲሰማ አሮጌውን ይጥላል ይላሉ። እውነት ይሁን ውሸት እርግጠኛውን የሚነግረኝ አጣሁ። እውነት ከሆነ ግን አንድ ለፍላፊ ሦስት ሳምንት ቢቀመጥበት፣ ተመልሼ የማገኘው ያንን ለፍላፊ ነው እንጂ አንቺን አይደለም። ሌላው ሰው ጠባቂ ሲቀጥር ታማኝ ይፈልጋል፤ እኔ ዱዳ ፈለግሁ።

ልጃችን ከዚያው ሆና በስልኳ ማስታወቂያ አወጣችልኝ፤ ቤት የሚጠብቅ፣ ወፍ የሚመግብ ብላ። መጀመሪያ የመጡት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ንጹሕ፣ ጨዋ ሴት። ወንበር ሳልስብላቸው ወሬኛው ፊት ቆሙና «እንደምን አደራችሁ ልጆች፣ በል እስቲ! እንደምን አደራችሁ ልጆች!» ማለት ጀመሩ። ወሬኛው አንገቱን አጣሞ አያቸው፣ እኔም አንገቴን አጣምሜ አየኋቸው። አመስግኜ ሸኘኋቸው። ቀጥለው አዲስ ተጋቢዎች መጡ። እሱ ስለ ውኃው ግፊት ጠየቀኝ፣ እሷ መጋረጃሽን በስንዝር ለካች። ቤቱን እንጂ ወፉን ዞር ብለው አላዩትም።

«አባዬ፣ ሰው አታማርጥ፣ አራት ቀን ነው የቀረህ» አለችኝ ልጃችን።

«ልጄ፣ ቤቱን ሳይሆን እናትሽን ነው አደራ የምሰጠው» አልኳት።

«እሷ እኮ የለችም አባዬ» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታባብል። ስልኩን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሦስተኛው ሰውዬ የቤተ መጻሕፍት ጥበቃ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው። በሩን ስከፍትለት ሰላም ያለኝ በአፉ ሳይሆን በባርኔጣው ነው። ገና በዚያው ልቤ ተቀበለው።

«ሥራዎ ምን ነበር?» አልኩት።

«ሰው ዝም ማሰኘት።»

«ራስዎስ? ወሬ አይወዱም?»

«ዝም አይነቅዝም» አለኝና ዝም አለ።

ደንቡን ነገርኩት። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ቃል አይወጣዎትም፤ ከወፉ ጋር አይደለም፣ ከራስዎ ጋርም ቢሆን። ሰውየው ከኪሱ እርሳስና ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ «ስልክ ቢደወልስ?» ብሎ ጻፈልኝ። እዚያው ሥራ መጀመሩ ነው! ስንት ጊዜዬ ነው እንደዚያ ከልቤ ከሳቅሁ። «የምደውለው እኔ ነኝ፤ ያንሱትና ዝም ብለው ይያዙልኝ» አልኩት። ቁልፍ ልቀርጽለት ብዬ ሱቅ ውስጥ መቅረጫ ማሽኑ ጋ ሄድኩ፣ ግን ሦስተኛውን ለመቅረጽ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያንቺን ሰጠሁት።

አሁን ያቆየሁትን ልንገርሽ። ሳታውቂው አልቀረሽም፤ እኔም ታውቂያለሽ ብዬ እፈራ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነን ተለያየን።

የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ሲበረታብሽ ከመኝታ ክፍሉ ትጣሪኝ ነበር። ውኃ አምጣ አላልሽም፣ ሐኪም ጥራ አላልሽም። «አለህ?» ብቻ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሱቁን ትቼ እየሮጥኩ እመጣለሁ። እመጣና የማደርግልሽ ነገር የለኝም፤ እጅሽን ይዤ ስታቃስቺ አያለሁ፣ አንቺ ደግሞ ለኔ ብለሽ ማቃሰቱን ትውጪዋለሽ። አንድ ቀን ስትጣሪ ማሽኑ እየሠራ ነበርና እንዳልሰማ ሆንኩ። በማግሥቱ ስትጣሪ ማሽኑን አስነሳሁት። ቁልፍ አልነበረበትም። ባዶውን እየዞረ ዚርርር ሲል እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ። ማሽኑን ሳጠፋው መጣራትሽን ትተሻል። ስንት ቀን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም። ደንበኛ በዝቶበት ነው ብለሽ ከሆነ፣ ይኼውልሽ፣ አልነበረም።

ወሬኛው ኮሪደሩ ላይ፣ በሁለታችን መካከል ተሰቅሎ ሁሉን ሰምቷል። ከሰዓት በኋላ በድምፅሽ «አለህ?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይመልሳል፤ ዚርርር። ማሽኑ ራሱ እንደዚያ አድርጎ አይጮኽም። ዝም የሚል ጠባቂ የፈለግሁት ድምፅሽ እንዳይጠፋ ነው ማለቴ ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይገባብኝ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ወፉ ሲጣራ «አለሁ» ልለው ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ያኔ ያልወጣኝ ቃል ለወፍ እንዴት ይውጣ?

ሆስፒታል ገባሁ። የተሠራው ዓይኔ ታሽጎ፣ ያልተሠራው ሞራው እንደሸፈነው፣ ልጃችን የቤታችንን ቁጥር መታችና ስልኩን እጄ ላይ አኖረችልኝ። ተነሳ። ዝም። የሰውየው ትንፋሽ ብቻ። ደንቡን አክባሪ ነው። ከዚያ ከሩቅ፣ ከኮሪደሩ፣ «አቤት፣ ማን ልበል?» አልሽ።

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ልልሽ ነበር። ባልሽ ነኝ፣ አልጋ ላይ ነኝ፣ አይታየኝም፣ ፈርቻለሁ። አንድም አልወጣኝ። «ማን ልበል?» ብለሽ ደገምሽ፣ ሠላሳ ዓመት ለማያውቁሽ እንግዶች ስትይው እንደነበረው። ስልኩን ዘጋሁት። ልጃችን እጄን ይዛ ተቀመጠች፤ ምን እንደምታደርግልኝ ጨንቋት። ያን ጊዜ የኔን ነገር በእሷ አየሁት፤ እሷ ግን አልሸሸችኝም።

ትንሽ ቆይቶ ሰውየው ራሱ ደወለ።

«ከግቢው ውጭ በሩ ላይ ቆሜ ነው የማናግርዎት» አለኝ። «ወፉ ደህና ነው፣ ይበላል። አንድ ነገር ግን… ከሰዓት በኋላ ይጣራል።»

«አውቃለሁ።»

«መልስ አይፈልግም?»

«አይፈልግም። ይተዉት» አልኩ። ያን ቃል ስናገር ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ተመለስኩ። ዓይኔ ድኗል፤ የበራችን ቀለም እንደዚያ መላላጡን አላውቅም ነበር። ሰውየው ቤቱን እንደነበረ ነው የጠበቀው። ቁልፍሽን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ባርኔጣውን አነሳ፤ ግን አልሄደም። በምልክት ወደ ውጭ ጠራኝ። ሁለት ሽማግሎች በራችን ላይ ቆምን።

«አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለኝ። «መጀመሪያ ማሽኑን ሳያጠፉት የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሱቁ ገብቼ አየሁ፣ ጠፍቷል። ይተዉት ካሉኝም በኋላ ሦስት ቀን ቻልኩት። በአራተኛው መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መለስኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰው እየተጣራ ዝም ማለት አልሆነልኝም።»

«ወፍ እኮ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ወፍ ነው» አለኝ። «የሚጣራው ግን ወፍ አይደለም።»

«ዝም አይነቅዝም ብለውኝ አልነበር?»

«ለካ ይነቅዛል» አለና መንገዱን ጀመረ። ምንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ወሬኛው ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፎኝ ጀርባውን ሰጠኝ። እንደምታውቂው ኩርፊያ ከኔ የተማረው ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሱቄን ከፈትኩ። ሐኪሙ እንደገና ሊያየኝ ቀጥሮኛልና ለዚያ ሰውዬ የራሱ ቁልፍ ይኑረው ብዬ ወሰንኩ። ያንቺን ቁልፍ በአንዱ መያዣ፣ አዲሱን በሌላው አስሬ ማሽኑን አስነሳሁ። ጥርሱ ወለል ብሎ ይታየኛል። ግማሽ እንደደረስኩ ከኮሪደሩ «አለህ?» አልሽ።

ማሽኑን አጠፋሁት። ስትጣሪኝ ማሽኑን ሳጠፋው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ተነሳሁ፣ ኮሪደሩ ድረስ ሄድኩ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ወሬኛው አየኝ፣ አንገቱን አጣመመና በዚያ ሰውዬ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ድምፅ ቀደመኝ። «አለሁ፣ አለሁ። እዚህ ነኝ።» ከዚያ ዞሮ ፍሬውን መልቀም ጀመረ፤ ጉዳዩ እንዳለቀ ሁሉ። የማሽኑን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። ጥሎታል።

ደስ ሊለኝ ይገባ እንደሆነ አላውቅም። ጥያቄሽ መልስ አገኘ፤ መልሱ ግን የኔ አይደለም። በሌላ ሰው አፍ ነው የተመለሰልሽ፤ እኔ ቤቱ ውስጥ ቆሜ። ከወፍ ጋር ምን እከራከራለሁ?

የሰውየው ቁልፍ በግማሹ ማሽኑ ላይ ታስሮ አለ። ነገ ጠዋት እጨርሰዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከእንግዲህ ማሽን አላስነሳም፤ ወንበሬን ኮሪደሩ ላይ አውጥቻለሁ። ዛሬም ተጣራሽ፣ እሱ መለሰ፣ እኔም ከሱ በኋላ፣ ሰሚ ባይኖርም፣ በራሴ ድምፅ አልኩት።

አለሁ።

ሰውዬሽ