የማይሻላቸው ሰዎች ክፍል

ለክቡር የከተማችን ማኅበረሰብ ልማት ፋውንዴሽን የቦርድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ እንከን የማይወጣለት ሆኖ እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ፣ ሌላውን ባለቤቴ ላይ ጥዬ ስለሆነ፣ ሐሳቤ ቢቆራረጥ በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ዛሬ የመርሳት ሕመም ይዞታል። ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን እንደ እሱ ያሉ አረጋውያን፣ ልጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ የሚውሉበት አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ኪራዩ ከአቅማችን በላይ ሲሆንብን ለሰፈር ሥራ ይደግፋል የተባለውን ፋውንዴሽንዎን ደጅ ጠናን። ምስጋናዬም ከዚሁ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ድጋፍ ብንጠይቅ ሥልጠና ተሰጠን፤ እኔና ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሽማግሌዎቹን ለሰው አደራ ብለን ስለ ዘላቂነት ስንማር ዋልን። ልብስ ሰፊዋ ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ዘላቂነት ማለት ሳይረዱን መኖርን መልመድ መሆኑ እንደገባት ነገረችኝ። እኔ እንኳ ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ አልሰማሁም።

ሁለተኛ፣ ስለላኩልን የፕሮጀክት ኃላፊ። ትሑት ሰው ነበር። ክፍሉን ዞሮ አየ፤ እዚያ ከሚውሉት አንዷን፣ ጡረተኛ መምህርት፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ፤ ከዚያም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከእነዚህ መካከል ምን ያህሉ እንደሚሻላቸው ጠየቀኝ። ማንም እንደማይሻለው ነገርኩት። «እናቴ፣ እንደሱ ብለው አይጻፉ፤ ማመልከቻውን ይጥሉታል» አለኝ። ልጁ አዝኖልኝ ነው። እኔ ግን ስንቱን የበሽተኛ ቤተሰብ ፊት ለፊት እያየሁ እውነቱን ስነግር ኖሬ፣ በስተርጅና መዋሸት እምቢ አለኝ። እንዳለውም፣ «ተጨባጭ መሻሻል የማያሳይ» ተብለን ተጣልን፤ ክፍሉም ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ድጋፍዎ የአረጋውያንን ብቸኝነት ለሚለካ የስልክ መተግበሪያ እንደተሰጠ ሰማሁ። ከእኛዎቹ ስልክን ከመነጽር ማኅደር የሚለይ ባይኖርም፣ ብቸኝነታቸው እየተለካ መሆኑ አጽናንቶናል።

ሦስተኛ... ይቅርታ፣ ጫማውን አገላብጦ አጥልቆ ሊወጣ ሲል መለስኩት።

ክፍሉ በተዘጋ ሰሞን መድኃኒት ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ ቤት ውስጥ የለም። የሰፈሩን ቅያስ ሁሉ ሳስስ፣ ያየሁትን ሁሉ ስጠይቅ፣ በመጨረሻ ያገኘሁት መናኸሪያ ነው፤ ሰው በሞላበት አውቶቡስ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ቁልፉ በሾፌሩ ኪስ ስለነበር ፈጣሪ ይመስገን። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀምሯል፤ አንዱማ ጎትታችሁ አውርዱት ይላል። እኔ ከደረጃው ሥር ቆሜ ውረድ እያልኩ እለምነዋለሁ። ሾፌሩ መጣና ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ተራ አልቋል፤ አሁን የእኔ ነው፤ ይረፉ» አለው። ስንት ልመና የማይበግረው ባለቤቴ መሪውን ለቀቀ፤ ወንበሩን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎለት ወረደ።

ሾፌሮቹ በማግሥቱ ተማከሩና ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ ማረፊያ ክፍላቸውን ለቀቁልን። እነሱ ምሳቸውን አሁን ቆመው ነው የሚበሉት። ማን እንደሚሻለው አልጠየቁንም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከትናንት በስቲያ ጽሕፈት ቤትዎ ወሬውን ሰምቶ ደውሎ፣ ሾፌሮቹ በለቀቁልን ክፍል ግድግዳ ላይ የፋውንዴሽኑን ዓርማ የያዘ ትልቅ ሰሌዳ ለመስቀል፣ ባለቤቴንም በምሥረታ በዓልዎ መድረክ ላይ «ተጠቃሚ» ብሎ ለማቆም ፈቃዴን ጠየቀኝ። ባለቤቴ አይመጣም። ሰው ሲበዛበት ያለቅሳል፤ እንባውን የምጠርገው እኔ ነኝ እንጂ ፎቶ አንሺዎ አይደለም።

ደጅዎን ጠንቶ ያልጠገበ እግሬን ሰብስቤ፣ ከወንበርዎ ከፍታ በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የማይሻለው ሰውዬ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ስለ ሰሌዳው ከሾፌሮቹ ጋር ተነጋግረን በደስታ ተስማምተናል። መጸዳጃ ቤታችን በር የለውም፤ የሰሌዳው ስፋት ደግሞ ልክ ይመጣል። ዓርማውን ወደ ውስጥ አዙረን እንገጥመዋለን፤ ሰው ቁጭ ብሎ ተረጋግቶ የሚያነበው እዚያ ነውና።