የድሮው አድራሻ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰማኸኝ፤

ከብርዱ በቀር ሁላችንም ደህና ነን፣ ተመስገን። አንተስ እንዴት ከረምክ?

እኔን ኮሌጁ ሊያሳብደኝ ነው። የሁሉም ሰው አካውንት ያለበትን ሰርቨር ወደ አዲሱ ሕንፃ አዛውረን፣ ዲኤንኤሱ ላይ፣ ማለት የኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ የሚመዘገብበት ላይ፣ ከስሙ ትይዩ አዲሱን አድራሻ ሞላሁ። ኮምፒውተሮቹ ግን ሰርቨሩን በስሙ ሲፈልጉት አሁንም ወደ ድሮው አድራሻ ይሄዳሉ! ማንም መግባት አልቻለም። በማስታወሻቸው የያዙትን አሮጌ አድራሻ በየክፍሉ እየዞርኩ ሳጠፋ ዋልኩ፤ ዲኑ ደግሞ በስልክ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ።

በዚህ መሀል አስጎብኚው ሸጋው አባዬን ይዞልኝ መጣ። ከማኅሌት ወጥተው፣ የፈረሰው ቤታችን ቦታ ላይ በሩን ሲፈልጉ አግኝቷቸው ነው። አዲሱ ሰፈር ከገባን እኮ ዓመታት አለፉ! ንዴቴን ሁሉ እሳቸው ላይ ተወጣሁት። ዜማውን ግን ዛሬም አንዲት ሐረግ አይስቱም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ አባዬ አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው። ለገና እንዳትቀር። ስትመጣ ታዲያ እንደ ልማድህ ከኋላ ዓይናቸውን ሸፍነህ «ማን ነኝ?» አትበላቸው። ከበር ላይ ሆነህ ስምህን ንገራቸው።

በሰላም ያገናኘን።
እኅትህ እምነት