ለእትዬ አልማዝ ሮምን ያሳየሁባት ማታ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1973

መጡ! ሰማያዊ ካፖርት ለብሰው ከተሳፋሪው ሁሉ ኋላ ወጡ። ተቃቅፈን ደጋግመን ተሳሳምን። ሰባት ዓመት ሆነን እኮ።

እትዬ አልማዝ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔንና ታናሽ እህቴን ሂሩትን በነርስ ደመወዛቸው አሳደጉን። መንግሥት ለሦስት ወር ኮርስ ቡልጋሪያ ልኳቸው ነበር፤ ሲመለሱ እዚህ ያርፋሉ፣ ቅዳሜ አዲስ አበባ ይገባሉ። የሚያድሩት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ጓደኛዬ ዘውዲቱ በተከራየችው ክፍል ነው።

ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ "ቢሮሽን መቼ ነው የምታሳዪኝ?" አሉኝ።

ቢሮ የለኝም። ሲኞራ የምላቸው የአንዲት ጣልያናዊት እመቤት ቤት ሠራተኛ ነኝ። አበስላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ መስኮት እወለውላለሁ። በመጣሁ በዓመቱ "ቢሮ ገባሁ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ። ስለ ከተማውም እንዲሁ ነው፤ ተርሚኒ ፖስት ካርድ እየገዛሁ፣ ማታ ማታ የምንሸራሸርበት አስመስዬ ጻፍኩ። ዕረፍቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ መሆኑን፣ ዛሬም ለምኜ እንደወጣሁ አልነገርኳቸውም።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ሂሩትን እዚህ አንድ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። የቀራት ዋስ የሚሆናት ሰው ወረቀት ነው። "ቢሮሽ ይጻፍላት። ለቀበሌም እንደዚያ ብዬ ተናግሬያለሁ" አሉ። ምን ልበል? "ቫ ቤኔ"፣ እሺ፣ አልኩ። በጣልያንኛ መዋሸት የሚቀል መስሎኝ ነው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ የተሳካልኝ፦ ሲኞራ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ፈቀዱልኝ። የማታውን ጉብኝት ሁለት ቲኬት አገኘሁ። የዘውዲቱ ጫማ ልክ ሆነኝ።

ያልተሳካው ሌላው ሁሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፑልማኑ፣ የጎብኚዎቹ አውቶቡስ፣ ከተርሚኒ ተነሣ። አስጎብኚው ሽበታም ሰውዬ ነው፤ እሱ በማይክሮፎን ይናገራል፣ እኔ ለእትዬ በጆሯቸው እተረጉማለሁ። ኮሎሴዎ፣ ጥንታዊው ስታዲየም ጋ፣ ስንደርስ መብራቱ በቅስቶቹ ውስጥ ቦግ ብሎ ነበር። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። "ምነው፣ አዲስ ሆነብሽ?" አሉኝ። "ሁሌም ይገርመኛል" አልኩ።

ትንሽ ሄደን አስጎብኚው "በግራችሁ ከኢትዮጵያ የመጣ ሐውልት አለ" ብሎ ወዲያው ስለ ሌላ ፍርስራሽ ማውራት ጀመረ። እትዬ ብድግ አሉ።

"አቁም በይው!"

"እትዬ፣ ማቆሚያው እዚህ አይደለም..."

"በይው አልኩሽ!"

ለመንኩት፤ አምስት ደቂቃ ፈቀደ። ፈረንጆቹም ተከትለውን ወረዱ። እትዬ የአክሱምን ሐውልት ሥሩ ቆመው ቀና ብለው አዩት። አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ በሽተኛ እንደሚጠይቁ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ደህና ነህ ግን?" አሉት። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣብኝ።

ዞር ሲሉ፣ በፖስት ካርድ ልኬ ቢሮዬ ነው ያልኳቸውን ትልቁን ነጭ መሥሪያ ቤት ከኋላው አዩ። "ይሄ ነዋ! የቱ ጋ ነሽ አንቺ?" እጄን አንሥቼ አራተኛው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት አሳየኋቸው። ደስታቸው! ነጠላቸውን አስተካክለው "እናትሽ ባየች" አሉ።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳየን እንጃ። አዲሱን ሰፈር፣ እንደ ክብሪት ሳጥን የተደረደሩትን ሕንፃዎች፣ የሚያብረቀርቀውን ኩሬ አልፈን ኦስትያ የሚባለው ባሕር ዳር ወረድን። እትዬ ባሕር በቅርብ አይተው አያውቁም። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ነከሩና እንደ ልጅ ጮኹ። ወደ እኔ ሲስቁ ሳይ አልቻልኩም።

"እትዬ፣ ቢሮ የለኝም። ሰው ቤት ነው የምሠራው" አልኩ።

ሳቃቸው ቆመ። ከውኃው ወጡ።

"መስኮቱስ?"

"የማን እንደሆነ አላውቅም።"

"ሥራሽ ምኔን ያሳፍረኛል? እኔ የሰው ቁስል እያጠብኩ አይደል ያሳደግኋችሁ! ሂሩትስ? የሷ ወረቀት ከየት ይምጣ?"

ጫማቸውን አድርገው ወደ ፑልማኑ ቀደሙኝ። ተርሚኒ ስንወርድ "ነገ ሲኞራሽ ዘንድ ውሰጂኝ" አሉ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሲኞራ በጡረታ ላይ ያሉ አስተማሪ ናቸው። ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ እንግዳ በድንገት አይወዱም። እትዬ ገብተው እጅ ነሡና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። እኔ መሃል ቆሜ እተረጉማለሁ፤ ላቤ ጀርባዬን ያርሰዋል።

"አንዷን ልጄን እርስዎ ዘንድ አገኘኋት። የሌላዋንም ነገር ላስቸግርዎ መጣሁ በያቸው።"

ሲኞራ እትዬ የሰጧቸውን የሂሩትን የትምህርት ቤት ወረቀት አገላብጠው አዩ። "ዋስ ብሆናት፣ በወሩ ጥላኝ እንደማትጠፋ በምን አውቃለሁ?"

ይህን አለስልሼ ልተረጉመው አሰብኩ። የትናንቱ ይበቃኛል ብዬ እንዳለ ነገርኳቸው። እትዬ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

"እኔም አላውቅም በያቸው። ይቺን ስልካትም አላወቅኩም ነበር። ዋሸችኝ፤ ግን አልጠፋችም።"

እየተቃጠልኩ ተረጎምኩ። ሲኞራ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። "አሎራ... እንግዲህ ላስብበት" አሉ፣ ሌላ የለም። አውሮፕላኑ ነገ ከሰዓት ነው!

ደረጃው ላይ እትዬ እጄን ያዙኝ። መዳፌን ገልብጠው ሳሙና የሰነጠቀውን አዩ። ከቦርሳቸው ቫዝሊን አውጥተው እዚያው ቀቡልኝ። "ማታ ማታ ቀቢው፣ ሰምተሻል?" ተቆጥተው ነው የቀቡኝ፤ ግን ቀቡኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ፖስታ አየሁ። ሲኞራ በእጃቸው ጽፈው ፈርመውበታል። ለሂሩት ዋስ እንደሚሆኑ፣ እኔ አምስት ዓመት ቤታቸው እንደሠራሁ፣ ልጅቷም እሳቸው ቤት እንደምታርፍ ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ያለ ካፖርት ወደ ተርሚኒ ሮጥኩ።

እትዬ ፖስታውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። አውሮፕላን ጣቢያ ሲሰናበቱኝ ግንባሬን ስመው "ለቀበሌው እኔ አስረዳለሁ። መውጫ ቪዛውን እግዜር ያውቃል" አሉ። እውነት ነው፤ ይፍቀዱላት አይፍቀዱላት ማንም አያውቅም።

እራት ሳቀርብ ሲኞራ ሹካቸውን አስቀምጠው "እህትሽ ዓሣ ትበላለች?" አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። ትቻት ስመጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች።