ስሙ ያልተጻፈው ቃሲም

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 1971 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አብዱልወሃብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ደብዳቤ እስር ቤት ድረስ ስንቅ ይዛልህ የምትመጣው ባለቤትህ ሙሀባ ታደርስልሃለች። ማንበብ ስለማትችል ምን እንደያዘች አታውቅም። እኔም ፊቷን እያየሁ መንገር አቅቶኛል።

እርሻው በግለሰብ እጅ ሳለ ከባለቤቱ ጋር ተደራድራችሁ የፈረማችሁትን የኅብረት ስምምነት ታስታውሳለህ፤ ወባ የያዘው ሠራተኛ ከሥራ አይሰረዝም የሚለውን። መንግሥት ሲወርሰው ስምምነቱ ቀረ። በወባ የተኛ ሁሉ ድኖ ሲመለስ ስሙን ተሰርዞ ያገኘው ጀመር። አንተ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነህና እንደገና እንደራደር ብትል ካድሬው ሳቀ። «እርሻው የእናንተ ሆኗል። ከማን ጋር ነው የምትደራደሩት? ከራሳችሁ ጋር?» አለህ። አንተም፣ «የእኛ ከሆነማ የታመመውን የሚያባርረው ማነው?» አልከው። ከዚያ ቀን ወዲያ ስብሰባ ተከለከላችሁ።

ወዳጃ፣ የዱዓ መቀመጡ፣ ግን አልተከለከለም። አንድ ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ እኔ ግቢ ጫት ይዘን ለዱዓ ተቀመጥን። ሼህ ሙሳ እንደ ደንቡ የእያንዳንዱን ጉዳይ በየተራ ጠየቁ። ሠራተኛው ሁሉ ማኅበሩ እንዲያስፈጽምለት የሚሻውን ተናገረ፤ ሌላው አሚን አለ። ቃሲም ብቻ፣ «ለእኔ ዱዓ አታባክኑ፤ እኔ ወባ ባይዘኝም መባረሬ አይቀርም» ብሎ አሳቀንና ተራውን አሳለፈ።

እናንተ ስትሄዱ የየሰዉን ስምና ጉዳይ የዕለት ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ጉዳዩ የሞላለት ምስጋናውን ይዞ ሲመጣ እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው። አሥራ አንድ ስም። ቃሲም ጉዳይ ስላልተናገረ አልጻፍኩትም።

በሳምንቱ በአሰሳ ሱቄን ሲበረብሩ ደብተሩን ወሰዱት። በማግስቱ ስማችሁ የተጻፈው አሥራ አንዳችሁ ተያዛችሁ። ሼህ ሙሳንና እኔን የእርሻው ሠራተኞች አይደላችሁም ብለው በማስጠንቀቂያ አለፉን። ከሠራተኞቹ ቃሲም ብቻውን ቀረ፤ አገሩም ሁሉ ያሳበቀው እሱ ነው አለ። ዝም አልኩ። ሱቅ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ወሬውም ይበርዳል ብዬ አሰላሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አልበረደም። ለቃሲም ልጅ ለናፊሳ የመጡት ሽማግሌዎች ከመንገድ ተመለሱ። ባለፈው ማክሰኞ ቃሲም ጨው ሊገዛ ሱቄ ገባ። የነበሩት ሰዎች ሰላምታውን ሳይመልሱ አንድ በአንድ ወጡ። ሁለታችን ስንቀር፣ «አብዱረዛቅ፣ አንተ ሁሉን ነገር ትጽፋለህ። እስቲ ደብተርህን እይልኝ፤ እኔ የከዳሁት በየትኛው ቀን ነው?» አለኝ።

ጨዉን መዝኜ ሰጠሁት።

በመጪው ጁምዓ ከሶላት በኋላ በጀመዓው ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንተ ከእኔ እንድትሰማው ፈለግኩ። አብረውህ ላሉትም አንብብላቸው። ከመካከላችሁ ያለፉት ሁለቱ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ፤ አላህ ይዘንላቸው።

እኔን እንደ ፈቀድክ ፍረድብኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ሙሀባም ለቃሲም ሰላምታ ከነፈጉት አንዷ ናት። አንብበህ ስትጨርስ ንገራት። ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዷ በደጁ ነው።

የበደለህ ወንድምህ
አብዱረዛቅ