ደግሜ ያልጠየቅኩህ ቀን

ይድረስ ለምሳሳልህ አባቴ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ጽፌ ሳቄ መጣ። ለሞተ ሰው ጤናህ እንዴት ነው ተብሎ አይጻፍም። ግን አንተ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠህ ለሰው ደብዳቤና ማመልከቻ ስትጽፍ፣ ወደ ዘመድ የሚላከውን ሁሉ በዚህችው ሰላምታ ነበር የምትጀምረው። እኔም እዚያው ጃንጥላህ ሥር ቁጭ ብዬ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ቤታችን እንዳለ ነው። ጌጃ ሰፈር ምን ይለወጣል። ጣሪያው ድሮ አልጋህ ላይ ያፈስ የነበረው አሁን በሩ አጠገብ ሆኗል። ለቀበሌ ማመልከት ነበረብን፤ ግን ይኸው የማመልከቻ ጸሐፊ ቤት ማመልከቻ የሚጽፍ ጠፍቶ ባልዲ አስቀምጠን ተውነው። እኔ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም። ጠረጴዛህ ላይ መቀመጥ አልሆንልኝ ብሎ ነው። ጃንጥላህ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ እማዬ ዶፍ ቢወርድባት እንኳ አትነካውም። የኅብረት ሱቁ ሰልፍ ያው ነው። ሰልፍ ላይ የሚያውቁህ ሴቶች አሁንም ያነሱሃል፤ የአንተ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ቢሮ ሲገባ ይነበብ ነበር ይላሉ።

ቦታህን የጽሕፈት መኪና ያለው ሰው ይዞታል። ፈጣን ነው። አንድ ቀን ሳልፍ ቆሜ አየሁት። አንዲት ሴትዮ እያለቀሰች ታወራለች፣ እሱ ዓይኑን ከቁልፎቹ ሳያነሳ ይመታል፤ ተናግራ ሳትጨርስ ወረቀቱን መዞ ሰጣት። ተናደድኩበት። ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ ግን እስከ ሜክሲኮ ድረስ እየተናደድኩ ሄድኩ።

አንተ እንዲህ አልነበርክም። ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ብዕርህን አታነሳም። እንዴት ነህ ትለዋለህ፣ ደህና ይልሃል። ምን ሆነህ ነው ትለዋለህ፣ የሆነ ነገር ይነግርሃል። አንተም ራስህን ነቅነቅ አድርገህ፣ ብዕርህን እንደከደንከው፣ እስቲ ደግሞ ንገረኝ ትለዋለህ። እውነቱ የሚወጣው ያን ጊዜ ነበር። ለቤት ኪራይ ጉዳይ ነው ብላ የመጣችውን ሴትዮ አስታውሳለሁ። ደግመህ ስትጠይቃት፣ ግራ ቀኙን አይታ፣ የታሰረ ልጇ የት እንዳለ የሚጠይቅ ማመልከቻ እንደምትፈልግ ነገረችህ። በመጀመሪያው ጥያቄ የልጇን ስም መጥራት ፈርታ ነበር። እሷ ስትሄድ ወደኔ ዞር ብለህ፣ አየሽ ጥሩዬ፣ ሰው መጀመሪያ የሚመልስልሽ ለሰላምታው ነው፤ ለወረቀት የሚሆነው ሁለተኛው ነው አልከኝ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ገብቶኝ ነበር።

ገብቶኝ ነበር ማለቴ ነው የሚያቃጥለኝ።

ጨጓራህ ደምቶ ሆስፒታል የተኛህ ጊዜ የነርስነት ትምህርቴን ልጨርስ ወራት ቀርተውኝ ነበር። የተግባር ፈተናዬ እዚያው አንተ የተኛህበት ክፍል ዋለ። መምህርታችን ካርድህ ላይ ስምህን አይታ፣ አባትሽ ከሆኑ ሌላ ታካሚ ልስጥሽ አለችኝ። እኔ ሳልመልስ አንተ ከአልጋህ ሆነህ፣ እሷው ታድርግልኝ አልካት። ደስታህ ከፊትህ ላይ ይነበብ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ያስመለስከው ደም ቆሞ፣ ሐኪሙም በዚሁ ከቀጠለ ቅዳሜ ቤቱ ይገባል ብሎን ነበር። እኔም ምን ይመጣል ብዬ ነጭ ጋዋኔን አስተካክዬ ቆምኩ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የልብ ምትህ ሰማንያ አራት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። አየሁት፣ ጻፍኩትም። ለእኔ ፈተና ፈርቶልኝ ነው ብዬ በልቤ ሳቅኩ። የደም ግፊትህ ጥሩ ነበር። እጅህ ቀዝቅዟል፤ ታጥቦ ይሆናል አልኩ። ውሃ ሁለት ጊዜ ለመንከኝ። እግርህ ብርድ ልብሱ ሥር አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎ ይቅበጠበጣል። የቀኝ አውራ ጣትህ ላይ ያለው፣ ዕድሜህን ሙሉ ሳሙና ያላስለቀቀው የቀለም እድፍ፣ ያን ቀን ከወትሮው የጠቆረ መሰለኝ። ሦስት ቀን ብዕር ያልያዘ ሰው ቀለሙ ከየት ጠቆረ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ቀለሙ አልጠቆረም አባዬ። ጣትህ ነው የነጣው።

ትንፋሽህን አልቆጠርኩትም። ሃያ ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ተማሪው ሁሉ ሃያ ነበር የሚጽፈው፤ የክፍላችንን ካርዶች ላየ ሰው ታካሚው በሙሉ በሰልፍ የሚተነፍስ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ጠየቅኩህ። መምህርታችን ወረቀቷን ይዛ አጠገቤ ስለቆመች፣ እንደተማርነው በአክብሮት፣ እንደ ባዳ፣ እንዴት ነዎት፣ የሚሰማዎት ነገር አለ አልኩህ። አንተም ሳቅ ብለህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ሲስተር አልከኝ። ገና ያልሆንኩትን ሲስተር ብለህ ጠራኸኝ። ልቤ በደስታ ሞላ። ያንተን የፊደል አጣጣል በሚመስለው በዚያ አንተ ባስተማርከኝ ጽሑፍ፣ ታካሚው ደህና ነኝ ይላል ብዬ ጽፌ ካርዱን ዘጋሁ።

አንድ ጥያቄ ነበር የቀረኝ። እስቲ ደግሞ ንገረኝ ማለት። ለኪራይ ለመጣ፣ ለታሰረ ሰው ለመጣ፣ መንገድ ጠፍቶት ለተቀመጠ እንኳ የማትነፍገው ጥያቄ ነው። እኔ ለአንተ ነፈግኩህ።

አሥር ሰዓት ላይ መምህርታችን ሁላችንንም ሰብስባ ውጤት ስትነግረን፣ ለታካሚ ባለኝ አቀራረብና ለጽሑፌ ንጽሕና ተመሰገንኩ። ጓደኞቼ ትከሻዬን እየነኩ ሲስቁ ነው አንዲት ነርስ ሮጣ መጥታ በሩ ላይ የቆመችው። ስደርስ አልጋህ አጠገብ ወድቀህ አንስተውህ ነበር። ወለሉ ደም ነበር። ሐኪሙ ደም እንዲያመጣ ሰው ላከ፣ እኔም ደሜን ልሰጥህ ክንዴን ገልጬ ሮጥኩ፤ ደሙ እስኪመጣ አልጠበቅከንም። እጅህን ይዤ ቆሜ የማውቀውን ሁሉ አሰብኩ፣ ሦስት ዓመት የተማርኩትን ሁሉ። በዚያ ሰዓት የሚያገለግል አንድም አልነበረበትም።

እስከ አርባህ ድረስ በራሴ ብቻ ነበር የማዝነው። ከአርባህ በኋላ ልብስህን ስንለይ፣ እማዬ ኮትህን ታቅፋ ቁጭ አለችና ነገረችኝ። የዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ልትጠይቅህ መጥታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰገራህ ጥቁር እንደሆነና ራስህን እንደሚያዞርህ ነግረሃታል። ከዚያ ደግሞ ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ እስክትጨርስ እንዳትነግሪያት ብለህ አስምለሃታል። እሷም ዝም አለች። በረንዳው ላይ አጠገቤ አልፋ ስትወጣ በርቺ ብላኝ ነው የሄደችው።

አንተ ላይ ልቆጣ እፈልጋለሁ፤ የሰውን ሁሉ ሁለተኛ መልስ ስታወጣ ኖረህ ያንተን እንዴት ከእኔ ትደብቃለህ? ለአንድ ወረቀት ውጤት ብለህ? ተቆጥቼ ሳልጨርስ ግን የዚያን ቀን ሳቅህ ይመጣብኛል፣ ሲስተር ስትለኝ። እማዬ ላይም ልቆጣ እልና ኮቱን ታቅፋ የያዘችበትን እጇን አያለሁ። እንዲህ እያልኩ እዚያው ካርዱ ላይ እመለሳለሁ። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ብንነግርዎት ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ አልኩት። ምናልባት አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ እውነቱን ነው የነገረኝ። ምናልባት ግን አያስርም፣ አይፈታም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር እዚያች ቃል ውስጥ ተቀምጫለሁ።

አሁን ደግሞ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ልንገርህ። ተመርቄ እዚሁ ከተማ የወላድ ክፍል ተመድቤያለሁ። በዚህ ወር ተማሪዎች መጡና አምስቱ እንዳሠራቸው ተሰጡኝ። ዛሬ ጠዋት አንዷ ሌሊት የወለደች ሴትዮ ካርድ ይዛልኝ መጣች። የልብ ምት መቶ አሥር፣ ትንፋሽ ሃያ፣ የደም ግፊት ጥሩ። ከታች በንጹሕ ጽሑፍ፣ ታካሚዋ ደህና ነኝ ትላለች ይላል።

እንዳልጮህባት ከንፈሬን ነከስኩ። ይዣት ወደ አልጋው ተመለስን። ካርዱን አስቀምጪውና እጇን ያዢ አልኳት። ትንፋሿን ደረቷን እያየሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ አልኳት። ቆጠረች፤ ሠላሳ ሁለት ሆነ። ሌሊት ከተጻፈው ቁጥር ጋር አስተያዪው፣ የደም ግፊት እስከ መጨረሻው ድረስ ሊሸነግልሽ ይችላል፣ ቀድመው የሚናገሩት ምቱና ትንፋሹ ናቸው አልኳት። አሁን ደግመሽ ጠይቂያት አልኳት። ልጅቷ አፈረች። ጠይቄያት ደህና ነኝ ብላኛለች እኮ አለችኝ። ያ ለሰላምታው ነው አልኩ። ድምፄ ያንተን መሰለኝ።

ጎንበስ ብላ ደግማ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ከሥሯ ያለው ጨርቅ ከጎህ ጀምሮ በደም እንደራሰ ነገረቻት፤ ልጅ ስለሆንሽ አፍሬሽ ነው አለቻት። አንሶላውን ገለጥን። ሐኪም ተጠራ፣ ተሯሯጥን፣ ደሙ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ይምጣልኝ ብላ ስትቆጣ ሰማኋት። ተማሪዎቹ በደስታ ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው። ተማሪዋም ተጠምጥማ ሳመችኝ።

እኔ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ስለተረፈች ደስ ብሎኛል፣ ሌላ እንዳይመስልህ። ያስለቀሰኝ ቀላል መሆኑ ነው። ጎንበስ ማለትና አንዲት ጥያቄ፤ ሻይ ለመቅዳት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ከባድ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ከአቅሜ በላይ ነበር ብዬ እጽናና ነበር።

ለተማሪዎቹ ስላንተ አልነገርኳቸውም። ነገ ልነግራቸው አስቤአለሁ። ስለ ጣትህና ስለ ቀለሙ፣ በሰልፍ ስለሚተነፍሱት ታካሚዎች፣ ስለ ተመሰገነው ጽሑፌ። ደረጃዬ ዝቅ ቢል ይበል። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ተናገሩ፣ ተሳስታችሁ ቢሳቅባችሁ ሰው አይሞትበትም እላቸዋለሁ። ይህን ማለት እችላለሁ። ከዚህ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር የለም፤ ይህም አንተን አይመልስልኝም።

አሁን ከሥራ ተመልሼ ነው የምጽፍልህ፤ አጠገቤ እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስገባ እንዴት ዋልሽ አልኳት፤ ተመስገን፣ ደህና አለችኝ። ኮትህን ከለየንበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ የምንባባለው ይህንኑ ነው። ቀጥሎ ስለ ከሰል እናወራለን። የማላውቃትን ወላድ ደግሜ የማስጠይቅ ሴት የገዛ እናቴን ደግሜ ጠይቄ አላውቅም። መልሱን ስለማውቀው እፈራለሁ። ብትነግረኝ የማደርግላት ነገር የለኝም፤ ሐኪም አይጠራለት፣ አንሶላ አይገለጥለት።

ግን ይህን ወረቀት ሳጥፍ እጠይቃታለሁ። ሁልጊዜ አስብሃለሁ ብዬ ቃል ብገባልህ ሰው ሁሉ የሚለውን ማለት ነው፣ አንተም ብዕርህን ሳትከፍት ትጠብቀኝ ነበር። ስለዚህ የምገባልህ ቃል ይኸው ነው፦ ደህና ነኝ ባለኝ ሰው ፊት ሁሉ ደግሜ ለመጠየቅ ጎንበስ ስል፣ ያቺን የነጣች ጣትህን አስታውሳለሁ። አንድም ቀን ሳልዘል።

ከላይ እኔና እማዬ ደህና ነን ብዬህ ነበር። እሱን ሰርዘው፤ ለሰላምታው ነው። ደግመህ ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ ደህና አይደለሁም አባዬ።

ልጅህ ጥሩወርቅ