ሰባተኛው መስመር

ኅዳር 6 ቀን 2008፣ ሰኞ

የቤተ ሙከራው ቁልፍ ዛሬም አልተገኘም። የዘጠነኛ ሲ ኬሚስትሪ ሜዳ ላይ ተሰጠ። ዘበኛው "እኔ አላየሁም"፣ መምህሩ "እኔም አላየሁም"… ታዲያ ማን በላው?

ጠዋት ሰልፍ ላይ ሚኒ ሚዲያው ጥሩ ነበር። ሀሴትና ጁማና ተራ በተራ ዜና አነበቡ። የኔዋ ልጅ እንደ እናቷ ትጣደፋለች፤ ቃሉን ትውጠዋለች። ጁማና ግን ረጋ ብላ በአማርኛም በኦሮምኛም ስታነብ ያ ሁሉ ተማሪ ጸጥ ይላል። ገና የአሥረኛ ክፍል ልጅ እኮ ናት። አባቷ፣ አቶ የህያ፣ ገበያው አጠገብ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ድምፁን ከማን እንዳመጣችው እንጃ።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። የርዕሳነ መምህራንና የወረዳ አመራሮች የአቅም ግንባታ ሥልጠና፣ ቡራዩ፣ ሦስት ቀን። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ በአንድ ላይ። ደስ አለኝ። ሥልጠና እወዳለሁ፤ ይስቁብኛል እንጂ እውነት ነው። አዲስ ደብተር ገዛሁ።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከዚያ አስኮ፣ ከዚያ ቡራዩ። ሦስት ሚኒባስ። ቢሆንም ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ።

አሰልጣኙ አቶ ይገዙ ይባላል። ፍሊፕ ቻርቱን በሦስት ቀለም እየጻፈ "የለውጥ መሪ ባሕርያት" አስተማረን። አጠገቤ የተቀመጡት ኦቦ ወርቁ ናቸው፤ የሱሉልታው ዲሬክተር፣ በክረምት ኮርስ የማውቃቸው። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። "አካም ቡልቴ ደስታነሽ፣ አሁንም ትጽፊያለሽ?" አሉኝ ደብተሬን አይተው። ሳቅን።

መጨረሻው ረድፍ ላይ ቡኒ ጃኬት የለበሰ ሰው አለ። ራሱን አላስተዋወቀም። አቴንዳንስ ሲዞር ሳይፈርም አሳለፈው።

"ማነው እሱ?" አልኳቸው ኦቦ ወርቁን።

"ዝም በይና ብስኩትሽን ብዪ።"

ሻይ ላይ ወሬው ሁሉ ጊንጪ ነው። ተማሪዎች ወጥተዋል አሉ። በማስተር ፕላኑ ምክንያት… አዲስ አበባ ትሰፋለች፣ የገበሬው መሬት ይሄዳል እያሉ። አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ "የጥቂቶች ወሬ ነው" ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። እያወራ ወጣ። ከሰዓት ወንበሩ ባዶ ነበር።

ኅዳር 15፣ ረቡዕ

የመጨረሻው ቀን። ከምሳ በኋላ ሁሉም ሲያንጎላጅ አቶ ይገዙ ቅጽ አደለ። "የተደማጭ ተማሪዎች መለያ ቅጽ።" ስም እስከ አያት፣ ክፍል፣ ሰፈር፣ የወላጅ ስልክ፣ ከዚያ "ተደማጭነቱ በምን?" ሰባት መስመር።

"ተማሪው የሚሰማቸውን ልጆች ጻፉልን። ተመርጠው የአመራርነት ሥልጠና ይሰጣቸዋል" አለ።

ጥሩ ሐሳብ ነው። ለተማሪ መቼ ነው እንዲህ ያለ ዕድል የሚመጣው? ልጆቼን እስከ አያታቸው በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ስድስቱን ወዲያው ጻፍኩ። የክርክር ክበቡን ሰብሳቢ፣ የኳስ ቡድኑን አምበል፣ ሌሎቹንም። ሰባተኛው መስመር ቀረ። ባዶ መስመር ያለው ቅጽ አስረክቤ አላውቅም። መጀመሪያ የመጣችልኝ ሀሴት ናት። ግን የራስን ልጅ ለዕድል መጻፍ… ምን ይሉኛል? ዲሬክተሯ ልጇን ጠቀመች። ተውኩት። ጁማና የህያ ብዬ ጻፍኩ። ተደማጭነቱ በምን? "ስታነብ ሁሉም ያዳምጣታል።"

ኦቦ ወርቁ ወረቀቴን አዩና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ሰባቱንም ሞላሽው?"

"እርስዎስ?"

የራሳቸውን አዘንብለው አሳዩኝ። አምና አቋርጠው አረብ አገር የሄዱ፣ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወሩ… አንዱማ የሞተ ነው፣ ራሳቸው ነገሩኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም።

"አታስረክቢ። አልጨረስኩም፣ በኋላ እልካለሁ በያቸው" አሉኝ በጆሮዬ።

ተናደድኩባቸው። ትልቅ ሰው ሆነው ለልጆች የመጣ ዕድል ያባክናሉ!

አስረከብኩ። አቶ ይገዙ ሰብስቦ ለቡኒ ጃኬቱ ሰው ሰጠው። ሰውየው ሳያይ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ኅዳር 16

ሰርተፍኬቱን ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ቁልፉ አሁንም የለም።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ድምፅ፣ በጣም ትሑት። "የተማሪዎቹን አድራሻ እያጣራን ነው። የጁማና ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ነው ወይስ ከፊት?"

"ለሥልጠናው ነው?"

ትንሽ ዝም አለ። "አዎ፣ ለሥልጠናው።"

ከጀርባ ነው አልኩት። አረንጓዴ በር። አመሰገነኝ።

ያቺ ዝምታ ግን… ምን ነበረች?

ኅዳር 29፣ ረቡዕ

ልጆቹ ወጡ። ከሰልፍ በኋላ ክፍል አልገባም አሉ። "ማስተር ፕላኑ ይቅር!" በር ላይ ፖሊስ ቆሟል። ከኋላ ድንጋይ የሚለቅም ልጅ አየሁ። ማይኩን የያዘችው ጁማና ናት። "ድንጋይ አትወርውሩ! ተቀመጡ! ተቀመጡ!" በሁለቱም ቋንቋ። ተቀመጡ። ያ ሁሉ ልጅ አፈር ላይ ተቀመጠ። አንድም ሰው አልተጎዳም።

ከአጥሩ ውጪ አንድ ሰው በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ቡኒ ጃኬት… ቡኒ ጃኬት የሚለብስ ስንት ሰው አለ።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

ስድስት ልጆች ቀሩ። ሁሉንም ጎህ ሳይቀድ ከቤታቸው ወስደዋቸዋል። የክርክር ክበቡ ሰብሳቢ ስሊፐር እንዳደረገ ነው አሉ።

የመምህራኑን ሪፖርት ተቀብዬ ስማቸውን ተራ በተራ አነበብኩ። ቅደም ተከተሉን አውቀዋለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰልፉ ላይ ያልነበረ ልጅ አለ መሃላቸው። ያን ቀን ታሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር። እሱም ተወስዷል። እንግዲህ ምን ቀረ? ከቅጹ ሌላ ስሙ የት ተገኘ?

ጁማና ክፍሏ ውስጥ አለች። በመስኮት ሁለት ጊዜ አየኋት።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

ቸርች ሄጄ አንድ ቃል አልሰማሁም። ሰባተኛዋን ለምን ተዉ? ረስተዋት ይሆን? ከስድስቱ ጋር ምን አገናኛት፣ ዜና ነው የምታነበው…

ለአባቷ መንገር አለብኝ። ጫንጮ አክስት አላት፣ ለጊዜው እዚያ ትሂድ። ግን እንዴት አወቅሽ ቢለኝስ?

ነገ እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

የህያ ሱቅ ሄድኩ። ብቻውን ነበር። ወንበር አወጣልኝ። "እንኳን መጣሽ፣ ልጆቻችንን አንቺ ነሽ የምትጠብቂልን" አለ።

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ምን እንዳልኩ ልጻፈው፤ ለራሴ ካልጻፍኩት ለማን… "ለቤተ ሙከራው የሚሆን ጓጉንቸር አለህ?" አልኩት። ጥሩውን መርጦ ሰጠኝ። ይዤ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆም አልኩ። ተመለሽ፣ ተመለሽ አልኩ ለራሴ። አልተመለስኩም።

ፈሪ ነኝ። ነገ ጠዋት ክፍል ሳትገባ ራሷን እነግራታለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ

ሰባት።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ከጁማና እናት ከረምዚያ ጋር ስንቅ ይዘን ፖሊስ ጣቢያ። ይሄ ሦስተኛ ቀናችን ነው። "እዚህ የሉም" ነው መልሱ። የት ናቸው? "እሱን እኛ አናውቅም።" አንዱ ሰንዳፋ ይላል፣ ሌላው አዋሽ ይላል። ረምዚያ ቴርሙሱን በሻርፗ ጠቅልላ ይዛ ቆመች፤ እንዳይቀዘቅዝ። መንገድ ላይ እጄን ያዘችኝ። "አንቺ ባትኖሪ በማን ወጥቼ በማን እገባ ነበር? አላህ ልጅሽን ይጠብቅልሽ።"

ይህን ምርቃት ስቀበል አላፈርኩም? አፈርኩ። ግን አሜን አልኩ።

ማታ ሀሴት መብላት እምቢ አለች። "እማ፣ ሚኒ ሚዲያው የሁለታችንም አይደል? አንድ ላይ ነው የምናነበው። እኔን ለምን ተዉኝ?"

"እንጃ" አልኳት።

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

አቶ ይገዙ ደወለ። ደስ ብሎታል። ቅጼ ከሦስቱም ከተሞች አንደኛ ሆኗል። "ሙሉ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም የተረጋገጠ። አንዳንዱ እኮ የሞተ ሰው ጽፎ ነው ያስረከበው! ጥር 19 ሁለተኛው ዙር አለ፤ ምርጥ ተሞክሮ አቅራቢ አንቺ ነሽ። ቅጹም ተሻሽሏል፣ አሥር መስመር ሆኗል።"

ኦቦ ወርቁ ጋ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። ትምህርት ቤታቸው ደወልኩ። ያነሳው ሰው "እሳቸው አሁን እዚህ አይሠሩም" አለና ስሜን ጠየቀኝ። ዘጋሁት።

ጥር 4፣ ረቡዕ

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። በቴሌቪዥን ሰማን። ሠፈር ውስጥ እልል ያለም አለ። የህያ ሱቁን አልከፈተም። ሰባቱም የት እንዳሉ አይታወቅም። ፕላኑ ከቀረ ልጆቹ ለምን ይቀራሉ?

ጥር 14፣ ቅዳሜ

ጁማናን ለቀቋት። እሷንና ሌሎች ሁለት። አራቱ ገና ናቸው። ሀሴት ሮጣ ሄደች፤ እኔ መሄድ አቃተኝ። ስትመለስ "ታዳምጣለች እንጂ አታወራም" አለችኝ።

ጥር 18፣ ረቡዕ

ጠዋት ረምዚያና ጁማና ቢሮዬ መጡ። ወልቂጤ አጎቷ ጋ ልትማር ነው፤ መልቀቂያ ይጻፍልን። ልጅቱ ከስታለች። ግድግዳው ላይ ሰርተፍኬቴን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

ፎቶዋን ለጠፍኩ። ስም እስከ አያት። ክፍል። ጠባይ፣ "እጅግ መልካም"። ከዚያ "የለቀቀችበት ምክንያት" ላይ ደረስኩ። ባዶ ልተወው ብዬ ነበር። እጄ አልታዘዘኝም። እንዲህ ጻፍኩ፦ "ለሥልጠና በተሰጠ ቅጽ ላይ ስሟን ጽፌ ያስረከብኩ እኔ ርዕሰ መምህርቷ በመሆኔና በዚህ ምክንያት በመታሰሯ።" ፈረምኩ። ማኅተሙን መታሁ። ለጁማና ሰጠኋት።

አነበበችው።

"ምን ይላል? ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ" አለቻት እናቷ። ረምዚያ ፊደል አልቆጠረችም።

ጁማና ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች። እንደ ጠዋት ሰልፉ፣ ረጋ ብላ። "ጁማና የህያ። አሥረኛ ክፍል። ጠባይ፣ እጅግ መልካም። የለቀቀችበት ምክንያት፣ የቤተሰብ የመኖሪያ ለውጥ።"

"አልሐምዱሊላህ። አላህ ይስጥሽ ደስታነሽ" አለች ረምዚያ።

ጁማና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ መለሰችው። "ቲቸር፣ ማኅተሙ ፎቶዬ ላይ አላረፈም። እንዲህ አይቀበሉኝም። እንደገና ይጻፉልኝ።" ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። በአዲስ ወረቀት እሷ ያነበበችውን ቃል በቃል ጻፍኩ። ማኅተሙን ፎቶዋ ላይ አሳረፍኩ። እናቷ ሳመችኝ። እሷ አልሳመችኝም።

ቀረብኝ። ይገባኛል።

የመጀመሪያው ወረቀት ከኔ ጋር ነው። ነገ ቡራዩ ይዤው እሄዳለሁ። ምርጥ ተሞክሮ አቅርቢ አይደል ያሉኝ? ባለ አሥር መስመሩ ቅጽ ከመታደሉ በፊት አዳራሹ ፊት ቆሜ አነበዋለሁ። ያ ሰውም መጨረሻው ረድፍ ላይ ይኖራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። የሀሴትን ልብስ በሻንጣ አድርጌያለሁ፤ ካልተመለስኩ ተፍኪ ከተማ እህቴ ጋ ትሄዳለች።

ማታ አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳት። ሰባተኛው መስመር ላይ መጀመሪያ የመጣው የሷ ስም እንደነበረም። ብዙ አለቀሰች። ተነስታ ክፍሏ ገባች። በሩን ዘጋችው። የማትወጣ መስሎኝ ነበር… ወጣች። ፊቷን ታጥባለች። "አንብቢልኝ" አለችኝ።

አነበብኩላት። ቃሉ ተዋጠብኝ።

"አትጣደፊ እማ" አለች። "እንደገና።"